ጳጉሜን ትቼላችኋለሁ

ጳጉሜ ሦስት ቀን ጠዋት፣ የመሪ ኮንዶሚኒየም ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሊጠመቁ በየደጁ ሲሯሯጡ፣ የሙሉጌጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የአማቷን አንሶላ እንደ ጎረሰ ቀጥ አለ። ከበሮው አንዴ ወደ ቀኝ ዞረ፤ ወደ ግራ ሊዞር ቃጣውና ተወው። መብራቶቹ ባንድ ጊዜ ብልጭ ብለው ባንድ ጊዜ ጠፉ። ሙሉጌጥ ሶኬቱን ነቅላ መልሳ ሰካች። በሩን ጎተተች። አልከፈት አለ። አንሶላው በመስተዋቱ ውስጥ የሳሙና ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይታያታል፤ ልታወጣው ግን አትችልም።

«ሲፈን ምን ሆነች?» አሉ አዴ አሳየች ከመኝታ ክፍል። ማሽኑን ሲፈን ያሏት እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ሲፈን ከጀመረች ሳታቋርጥ ስለምትለፈልፍ፣ ማሽኑም እንደሷ ነው ብለው።

«ምንም አልሆነችም፣ አዴ። መብራት ሄዶ ነው።»

«ሬዲዮኔ እኮ እየሰበከ ነው» አሉ አዴ አሳየች።

ሙሉጌጥ ዕድሜዋ ለሃምሳ አንድ ፈሪ ነው፤ ያም ሆኖ ለእኚህ ሴት መዋሸት አልለመደባትም።

አዴ አሳየች የባሏ የጉተማ እናት ናቸው። ጉተማ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ለልቅሶ ከአገራቸው ከነጆ የመጡት እናት ግማሽ ጎናቸውን ሕመም መታቸውና በዚያው ቀሩ። አእምሯቸውም ምላሳቸውም ደኅና ነው፤ ሽንታቸውን ግን ሌሊት መቆጣጠር አይችሉም። ሙሉጌጥ ሥራ ከመሄዷ በፊት በየማለዳው አንሶላ በሳፋ ታጥብ ነበር። አዴ አሳየች የውሃውን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ያለቅሱና «ወደ ነጆ ስደጂኝ፤ እጅሽን ጨረስኩት» ይሏት ነበር። ነጆ ደግሞ የተዘጋ ቤት እንጂ የሚያነሳቸው ሰው የለም። ማሽኑ የመጣው ይህን ለቅሶ ለማስቆም ነው፤ አስቆመውም። ሲፈን ቤት ከገባች ወዲህ ነጆ የሚለው ቃል ከአዴ አሳየች አፍ አልወጣም ነበር።

በዚያ ቀን ማታ ግን ሙሉጌጥ ሳፋውን ስታወርድ ድምፁን ሰሙት።

* * *

ማሽኑን የገዛችበት ዕቃ መሸጫ መገናኛ፣ ከአንድ ፎቅ ሥር ነው። ኃላፊው ሰላሙ ይባላል፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፈገግታው የማይጠፋ፣ ደንበኛን ሁሉ «እናቴ» እና «አባቴ» የሚል ሰው።

«ካርዱን ይዘዋል፣ እናቴ?»

ሙሉጌጥ የዋስትና ካርዱን፣ የማሽኑን ደረሰኝ፣ የሁለቱንም ኮፒ ይዛለች። ሰላሙ ካርዱን አየና በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። «የገዙት መስከረም ሁለት። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር...» ነሐሴ ሲደርስ ቆመ። «አሥራ ሁለት። ነሐሴ ሠላሳ አልቋል። ለጥቂት አመለጠዎት።»

«ጳጉሜስ?»

«ጳጉሜ ምን?»

«አልቆጠርካትም።»

«ካርዱ አሥራ ሁለት ወር ነው የሚለው። ጳጉሜን ከቆጠርናት አሥራ ሦስት ሊሆን ነው።»

«ስትሸጡልኝ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው ነው ያላችሁኝ። ዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ ነው እንዴ የሚለወጠው?»

ሰላሙ ሳቀ። «እኔም እኮ ጳጉሜን የምሠራው በነጻ ነው። ደሞዝ የላት፣ የቤት ኪራይ የላት። ጳጉሜ የማንም አይደለችም፣ እናቴ።»

«የማንም ካልሆነች ሱቁን ለምን ከፈታችሁ? ወንድሜ ፍሪጅ እየገዛ ነው» አለች ሙሉጌጥ አጠገቧ ወደቆመው ሰው እያመለከተች። «የሱ ዋስትና ከመቼ ነው የሚጀምረው?»

ሰውየው ዘወር አለ። «ውነቷን ነው። የኔ ከመቼ ነው?»

ሰላሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያም ሆነ ይህ ያቃጠለው የመብራት መዋዠቅ ነው። እሱን ዋስትና ቢኖርም አይሸፍነውም።»

«ሳታየው?»

«ሁሌም እሱ ነው።»

«ስታብላይዘር ከማሽኑ ጋር ከናንተው ገዝቻለሁ። ደረሰኙን እየው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።»

ሰላሙ ሁለተኛውን መስመር አየ፣ ግን እንዳላየ ሆነ። «ከፈለጉ የማሽኑን ቦርድ ከፍለው ያስቀይሩ። ካልሆነም ቅሬታዎትን ይጻፉልን።»

ይጻፉ ያለው፣ ሰው ስለማይጽፍ ነው። ለማን እንደተናገረ አላወቀም።

* * *

ሙሉጌጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች። የገባ ደብዳቤ ሁሉ በሷ እጅ ገብቶ፣ የወጣውም በሷ እጅ ወጥቷል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምትነግረው አንድ ነገር ነው፦ «ቁጥርና ቀን ከሌለው ደብዳቤ አትበለው፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ ወሬ ነው።» ለዚህም «ወይዘሮ ቁጥር» የሚል ስም አውጥተውላታል። አልከፋትም። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው በማታ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን እያነበበች ነው። ለሰጣት ሥራ በየማለዳው ጌታን ታመሰግናለች፤ አቧራውን ሳይቀር።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሌላው ሲወጣ እሷ ከወደ ጥጉ የተጠረዙትን የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞች አወረደች። ስለ ሸማቾች የሚናገረውን አዋጅ እስክታገኝ ሁለት ቀን ፈጀባት። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጉዳት ከደረሰበት ካሳ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆመች፦ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው። ትሕትና የምትባለውን ቃል ከመድረክ እንጂ ከሕግ አፍ ሰምታት አታውቅም። ደግማ አነበበቻት። ደስ አላት።

በዓሉ እንዳለፈ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈች። ከላይ በስተቀኝ ቁጥር ሙ/ቤ/001 አለች፤ ቀኑን ጻፈች። ጉዳዩ በሚለው ቦታ ላይ «ጳጉሜን ይመለከታል» ብላ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመረች።

ሰላሙ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። «ሙ/ቤ ምንድን ነው?»

«የሙሉጌጥ ቤት።»

«ቤትዎ ወጪ ቁጥር አለው?»

«አሁን አለው። ቅጂዬ ላይ የገቢ ማኅተም ምታልኝ።»

«ለግለሰብ ማኅተም አንመታም።»

«እንግዲያው እስክትመቱ ልቀመጥ» አለችና በባንኮኒው ፊት ለፊት ያለች ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ማንንም አልተናገረችም። አንዲት ሴት ምድጃ ልትገዛ መጥታ «እትዬ፣ የነዚህ ዕቃ እንዴት ነው?» ስትላት ብቻ «ዕቃው ደኅና ነው። ዋስትናቸው ግን ጳጉሜን አይቆጥርም» ብላ መለሰች። ቀጥሎ ለመጣው ወጣትም ይህንኑ ነገረችው። ሦስተኛው ሰው ሊጠይቃት ጎንበስ ሲል ሰላሙ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣ።

* * *

ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ሳምንት ሞላው። ሁለት ሳምንት ሞላው። ሙሉጌጥ በሳፋ ማጠቡን ቀጠለች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣበት ቀን ታጥባለች፣ በቀረበት ቀን ታጠራቅማለች። የቀኝ እጇ አንጓ አበጠ፤ መዝገብ ስትጽፍ ብዕር ይከብዳት ጀመር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሌላ ነገር ግን አየች። ጠዋት ከአዴ አሳየች ራስጌ የምታስቀምጠው የውሃ ብርጭቆ ማታ ስትመለስ እንደሞላ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ቀን ረስተው ነው አለች። በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ አየች።

«አዴ፣ ውሃ አልጠጡም።»

«ጾም ይዣለሁ።»

«የውሃ ጾም?»

«ለጸሎት ነው። ማን ሊከለክለኝ ነው?»

«አንሶላው እንዳይርስ ነው» አለች ሙሉጌጥ።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ወደ ነጆ ላኪኝ፣ ልጄ» አሉ። «እዚያ የሚያጥብልኝ ባይኖርም፣ የሚያጥብልኝን ሰው እጅ አላይም።»

ሙሉጌጥ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ባለሙያዋ ሁለቱንም ቆጣቻቸው። በዚህ ዕድሜ ውሃ መተው በኩላሊት መጫወት ነው አለች። አዴ አሳየች «እሺ» አሉ። ቤት ሲመለሱ ግማሽ ብርጭቆ ጠጡ፤ ከዚያ በኋላ ከግማሽ አላለፉም።

ሐሙስ ማታ የቤት ጸሎት በሙሉጌጥ ቤት ነበር። ምእመናኑ ሲበተኑ ሽማግሌው ጋሼ ወልደ ኢየሱስ ወደ ኋላ ቀሩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰው ሲመክሩ አሁንም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ ይመስላሉ።

«እህት ሙሉጌጥ፣ ከሱቅ ሰዎች ጋር ክርክር ገጥመሻል ሲሉ ሰማሁ። ለጌታ ስጪው።»

«ሰጥቼዋለሁ፣ ጋሼ። እሱም ጻፊ አለኝ።»

«ክርስቲያን ተበድሎ ይተዋል እንጂ በየቢሮው አይዞርም።»

«እኔ ብቻ ብሆን ልተወው እችል ነበር» አለች። «ሰውየውን ይቅር ብዬዋለሁ። እንዳውም ጸልዬለታለሁ፤ ደስ የሚል ልጅ ነው። ይቅር ያላልኩት ማሽኑን ነው።»

ጋሼ ወልደ ኢየሱስ ሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን ጠረጉ። «ለማሽንም ይቅርታ አለ እንዴ?»

«ካለ በራሱ ይጠይቀኝ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው «የኔም የውሃ ማሞቂያ ባለፈው ዓመት እንደዚሁ... ተይው» አሉና ወረዱ።

* * *

ማሽኑን የከፈተው ኤቢሳ ነው። ከየካ ሚካኤል በታች ባለው ዳገት ላይ፣ በቆርቆሮ የተከለለች የጥገና ቤት አለችው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መሣሪያውን ተሸክሞ ወጣ፤ በሩን በሽቦ ከፍቶ ያንን የሸተተ አንሶላ አወጣላት፤ ከዚያ የላዩን ክዳን ፈትቶ ቦርዱን ነቀለና ለማየት ይዞት ሄደ። በማግሥቱ ቅዳሜ ሙሉጌጥ ልትጠይቀው ሄደች።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ መብራት ነው ያለዎት ማነው?» አለ ቦርዱን ወደ ብርሃን እያዞረ።

«ሱቁ።»

«መብራት ቢሆን ጥቁር ይሆን ነበር። ይሄ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ።»

«ዝገት ነው። ይሄ ደግሞ ባንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። የሳሙና ማስገቢያዋን ጎማ አይተዋል? ጫፏ ላይ የብረት ማሰሪያ ሊኖራት ይገባ ነበር። የላትም። ፋብሪካው ረስቷታል። ባጠቡ ቁጥር አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ስትወርድ ዓመት ሙሉ ኖራለች።» ከጥጉ ሁለት ሌሎች ቦርዶች አንስቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። «ይሄ ከኮተቤ የመጣ፣ ይሄ ከሲኤምሲ። ያው ማሽን፣ ያው ጎማ፣ ማሰሪያ የለም። ሁለቱም ሰዎች መብራት ነው ተብለው ከፍለው ገቡ።»

ሙሉጌጥ ሦስቱን ቦርዶች ደጋግማ አየች። «ስለዚህ ጳጉሜ አልተበላሸም።»

«እ?»

«ጳጉሜ ላይ ቆመ እንጂ የተበላሸው ከፋብሪካው ሲወጣ ነው።»

«ምን ጥያቄ አለው። ሲመጣ ጀምሮ ብልሹ ነበር።»

«ይህን ጻፍልኝ።»

ኤቢሳ እጁን በቱታው ጠረገ። «እኔ በቃል ልመስክር፣ እትዬ። ፊደሉ ይጠፋኛል።»

«ፊደሉን እኔ እነግርሃለሁ። ቃሉ ያንተ ይሁን።» እንደ ተማሪ አስቀምጣ አጻፈችው፤ ቀን አስጻፈችው፤ አስፈረመችው። ማሰሪያ የሚለውን በንጉሡ «ሠ» ጽፎት ስለነበር አስደለዘችውና ድልዙ ላይ ሌላ ፊርማ አስፈረመችው።

ስትመለስ በወንዙ በኩል ያለውን መንገድ ያዘች። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ ክረምቱ ገና ስላልለቀቀው ጠይሞ ይሮጣል። ልጅ ሆና እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ አጥበው፣ አስጥተው፣ አጥፈው ይሰጧትና ሙሉጌጥ በየባለቤቱ ቤት ታደርስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ወይዘሮ ሸሚዝ ዘርግተው ብብቱ ሥር የተቀደደ አገኙና እናቷን አስጠሩ። ሙሉጌጥ ያንን ሸሚዝ ታውቀዋለች። ሲመጣም የተቀደደ ነበር፤ እናቷ ሲያዩት «አይ፣ ያሳዝናል» ብለው በጥንቃቄ ያጠቡት ነው። እናቷ ግን ከወይዘሮዋ ፊት ቆመው አንገታቸውን ደፉና «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ውሃ የላጠውን እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ደበቁት። ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሉጌጥ «ሲመጣ የተቀደደ ነበር እኮ፣ እማዬ» አለቻቸው። እናቷ «ዝም በይ» አሏት።

አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሙሉጌጥ ወንዙ ዳር ቆማ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ወረቀት በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ «ሲመጣ የተቀደደ ነበር» አለች፤ ድምፅ አውጥታ። ልብስ ታሰጣ የነበረች አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየቻት። ሙሉጌጥ ሰላም ብላት አለፈች።

* * *

ቁጥር ሙ/ቤ/002 ከመጀመሪያው ያጠረ ደብዳቤ ነው።

«ቀደም ሲል በቁጥር ሙ/ቤ/001 በጻፍኩት ደብዳቤ ስለ ጳጉሜ ተከራክሬ ነበር። አሁን ክርክሩን ትቼዋለሁ። ዋስትናው ነሐሴ ሠላሳ አልቋል ብላችኋል፤ ይሁን፣ አልቋል። ጳጉሜን ትቼላችኋለሁ። እኔ የምጠይቀው ዋስትናችሁ ውስጥ ስላለው ቀን አይደለም። የሸጣችሁልኝ ዕቃ በሸጣችሁልኝ ቀን ብልሹ ነበር። ጉድለቱ ገዢ አይቶ ሊያውቀው በማይችልበት ቦታ፣ በክዳኑ ሥር ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት የሻጭ ኃላፊነት መሆኑን ሕጉ ይናገራል፤ ካርዳችሁም ሊያጠፋው አይችልም። የባለሙያ ጽሑፍና የሦስት ቦርድ ፎቶግራፍ አባሪ አድርጌያለሁ። መልሳችሁን በቁጥርና በቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።»

ከሥሩ «ግልባጭ» ብላ፣ በክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሸማቾች ቅሬታ የሚቀበለውን ክፍል ጻፈች። ግልባጩን ራሷ አደረሰች። የተቀበላት ሠራተኛ አባሪዎቹን ገልብጦ አየና «ጠበቃ ጽፎልዎት ነው?» አላት።

«መዝገብ ቤት ጽፎልኝ ነው» አለች።

ሠራተኛው ለሱቁ መጥሪያ ጻፈ። መጥሪያው በደረሰ በማግሥቱ ሰላሙ ደወለ።

«እናቴ፣ ምን አጣላን? ቤተሰብ ነን እኮ። ቴክኒሻን እልክልዎታለሁ። ቦርዱን በነጻ ይቀይርልዎታል። አንዲት ፎርም ብቻ ይፈርማሉ።»

ሙሉጌጥ ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ጌታን አመሰገነች፤ ቀጥላ መነጽሯን አዘጋጀች።

* * *

ቴክኒሻኑ ረዳ ይባላል። አዲስ ቦርድ በካርቶን፣ የጎደለችዋን የብረት ማሰሪያም በትንሽ ፌስታል ይዞ መጣ። እንደ ገባ ፎርሙን አወጣ። «መጀመሪያ ይፈርሙልኝ፣ ከዚያ እጀምራለሁ። ደንብ ነው።»

ሙሉጌጥ አነበበች። አጭር ናት፦ ድርጅቱ የዋስትና ጊዜው ያለፈበትን ማሽን በትብብር፣ ያለ ምንም ግዴታ እንደጠገነላት፣ እሷም ለተደረገላት ትብብር አመስግና ቅሬታዋን መተዋን ትገልጻለች።

«ይቺ ቃል ትውጣ» አለች።

«የትኛዋ?»

«ትብብር።»

«ምን አላት?»

«መኪና ሲበላሽ የሚገፋልህ ሰው ተባበረህ ይባላል። መኪናውን አበላሽቶ የሸጠልህ ሰው ሲሠራልህ ግን ትብብር አይባልም። ጉድለት ስለነበረበት ተተካ ይበል።»

ረዳ ጭንቅላቱን አከከ። «እትዬ፣ ቦርዱን በነጻ እያገኙ ነው። ቃል ምን ያደርግልዎታል?»

«ከኮተቤ አንዲት ሴት፣ ከሲኤምሲ አንድ ሰው አሉ። ትብብር ብዬ ከፈረምኩ እነሱ ነገ ሲመጡ እናንተ ዛሬ ለመተባበር ደስ አላለንም ትላላችሁ። ጉድለት ካላችሁ ግን የሁሉም ጉድለት ነው።»

«እኔ ፎርም መለወጥ አልችልም። ካልፈረሙ ቦርዱን ይዤ እመለሳለሁ። ሌላ ጊዜ ይላኩልዎት አይላኩልዎት አላውቅም።»

ካርቶኑ በመካከላቸው ወለል ላይ ተቀምጧል። ሙሉጌጥ አየችው። ፊርማ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲፈን ትለፈልፋለች፤ ነገ ጠዋት ሳፋ የለም። የቀኝ አንጓዋ ብዕሩን ይዞ ጠዘጠዛት። በዚያኛው ክፍል ከንፈራቸው የደረቀ ሴት አሉ። እናቷም ያን ቀን ከወይዘሮዋ ፊት እንዲህ ሳያመዛዝኑ አልቀሩም፤ ለካስ እንዲህ ነው አንገት የሚደፋው አለች በልቧ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈርድባቸው አሰበቻቸው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ሙሌ» አሉ አዴ አሳየች ከውስጥ።

«አቤት፣ አዴ።»

«ውሃ አምጪልኝ።»

ሙሉጌጥ ብርጭቆውን ልታነሳ እጇን ሰደደች።

«በሱ አይደለም። በትልቁ ኩባያ። ሙሉውን።»

ረዳ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ምንስ ብሎ ይገባዋል? ሙሉጌጥ ትልቁን ኩባያ ሞልታ ገባች። አዴ አሳየች በደኅናው እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከሷ ሳያነሱ፣ ሳያርፉ እስከ ታች ጠጡት። ኩባያውን ሲመልሱላት «አንሶላው ይርጠብ» አሉ። «አንቺ እንዳትፈርሚ።»

ሙሉጌጥ ወጣች። ብዕሩን ክዳኑን ገጠመችበትና ፎርሙን ለረዳ መለሰችለት። «ካርቶንህን ያዝ፣ ወንድሜ። ሻይ ጠጥተህ ትሄዳለህ፤ ሳትጠጣ ግን አትሄድም። መጥሪያው የዛሬ ሳምንት ነው። እዚያ እንገናኛለን በልልኝ።»

ረዳ ሻዩን ጠጣ። ደረጃውን ሲወርድ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አልፈረሙም... አይ፣ ቃል ነው ያጣላን... አንዲት ቃል» ሲል ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሙሉጌጥ በሳፋ አጠበች። አንድም ቀን ነጆ አልተባለም። አዴ አሳየች ጠዋትና ማታ በትልቁ ኩባያ እየጠጡ «ዛሬ ደግሞ በደንብ አረጠብኩልሽ» ይሏታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ጋሼ ወልደ ኢየሱስ ሐሙስ ሲመጡ የውሃ ማሞቂያቸውን ካርድ በኪሳቸው ይዘው ነበር። «አየሽው? ደብዳቤው እንዴት ነው የሚጀመረው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት።

መጥሪያው አንድ ቀን ሲቀረው ረዳ ያንኑ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ፎርም አልነበረም፤ ራስጌ ያለው ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ማኅተም አለው። «ዕቃው ሲመረት በነበረበት ጉድለት ምክንያት ቦርዱና ማሰሪያው ያለ ክፍያ ተተክተዋል» ይላል። ሙሉጌጥ ትብብር የምትለውን ቃል በጣቷ እየተከተለች ፈለገቻት። የለችም። ከሥር ግን አንድ መስመር ነበር፦ ለተተካው ቦርድ የአሥራ ሁለት ወር ዋስትና ተሰጥቷል።

መነጽሯን አወለቀች፤ ጠርጋ መልሳ አደረገች። ከዚያ ብዕሯን አንስታ ከመስመሩ ጫፍ ላይ፣ በጥሩ የመዝገብ ቤት ጽሕፈቷ፣ ሁለት ቃል ጨመረች፦ «ጳጉሜን ጨምሮ።»

«እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አለችው ረዳን።

«እትዬ፣ ጳጉሜን ትቼላችኋለሁ ብለው ጽፈው አልነበር? አቶ ሰላሙ ሱቅ ውስጥ ለሁሉም ሲያነቡ ሰምቻለሁ።»

«ያቺ የዓምናዋ ነበረች። ለሷ ምንም አልጠይቃችሁም። ይቺ የዘንድሮዋ ናት።»

ረዳ ለሰላሙ ደወለ። ነገሩን ነገረው። ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። «ፈርምላቸው» አለ ድምፁ። «ፈርምላቸው ብዬሃለሁ። መጥተው ወንበሬ ላይ ሳይቀመጡ።»

ረዳ ፈርሞ መሣሪያውን ዘረጋ። ሙሉጌጥ የቤቷን መዝገብ አወጣች። የገቢ ገጽ ላይ እስከዚያ ቀን ምንም አልተጻፈበትም ነበር። «001» ብላ ጻፈች፤ ቀኑን አስከትላ። ከሰዓት በኋላ ከበሮው ወደ ቀኝ ዞረ፤ ጥቂት ቆሞ ወደ ግራ ዞረ።

«ሲፈን ናት?» አሉ አዴ አሳየች።

«ናት፣ አዴ።»

«ትለፍልፍ» አሉና ኩባያውን ዘረጉላት።